ጥድ ዕድሜውን አይደብቅም

ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ አንዳንዱ ይቀንሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሽማግሌ ተብሎ ለመከበር ይጨምራል። የአሮጌ ቤትም ነገር እንደዚሁ ነው። ከየካ እስከ እንጦጦ ባለው ሰፈር አንድ አዛውንት «ይህ ቤት በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተሠራ ነው» ቢሉ፣ ጎረቤታቸው «የለም፤ ከጠላት ወረራ በኋላ ነው» ብለው ይከራከሯቸዋል። ሁለቱም የሚናገሩት ከአባቶቻቸው የሰሙትን ነው፤ ወረቀት አውጥቶ የሚያሳይ ግን ከሁለቱ አንድም የለም። በዚህ ክርክር መካከል ሳይጠየቅ የሚቀር አንድ ምስክር አለ፤ እርሱም ከራሳቸው በላይ ጣሪያውን ተሸክሞ የሚኖረው የጥድ ወራጅ ነው።

የዛፍን የዕድገት ቀለበት እየቆጠረና እያመሳከረ እንጨቱ የተቆረጠበትን ዓመት የሚያውቅ የትምህርት ዘርፍ አለ። ፈረንጆች «ዴንድሮክሮኖሎጂ» ይሉታል፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ዴንድሮን» ዛፍ፣ «ክሮኖስ» ጊዜ ማለት ነው። በእኛ አነጋገር የዛፍ ባሕረ ሐሳብ ብንለው ያስኬዳል። ይህ ትምህርት በሌላው ዓለም የብዙ አሮጌ ሕንፃዎችን ዘመን አሳውቋል። ለእንጦጦና ለአካባቢው አሮጌ ቤቶች ምን ሊረዳን እንደሚችል፣ በእኛ አገር የሚያስቸግረውም ምን እንደሆነ፣ እኛስ ከወዲሁ ምን ማድረግ እንዳለብን ቀጥለን እንመለከታለን።

ዛፍ ዓመቱን እንዴት ይጽፋል?

የዛፍ ግንድ የሚወፍረው ከቅርፊቱ ሥር ባለ ስስ ሽፋን አማካይነት ነው። ይህ ሽፋን ወደ ውስጥ አዲስ እንጨት፣ ወደ ውጭ አዲስ ቅርፊት ይሠራል። ዝናም በበዛበት ወራት የሚሠራው እንጨት ሕዋሶቹ ሰፋፊ፣ መልኩም ፈዘዝ ያለ ነው። ዝናሙ እየሳሳ ሲሄድ የሚሠራው ደግሞ ጥቅጥቅና ጠቆር ያለ ይሆናል። በጋው ሲጸና ሥራው ይቆማል። በሚቀጥለው ክረምት ፈዛዛው እንጨት እንደገና ሲጀምር፣ በጠቆረውና በፈዘዘው መካከል ያለው ወሰን ክብ መስመር ሆኖ ይታያል። ቀለበት የሚባለው ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ቀለበት መቁጠር ብቻውን የሚነግረን ዛፉ ስንት ዓመት እንደኖረ ነው፤ በየትኛው ዘመን እንደኖረ አይነግረንም። ዘመኑን የሚነግረን የቀለበቶቹ ስፋትና ጥበት ነው። ዝናሙ በሰመረበት ዓመት ዛፉ ሰፊ ቀለበት ይሠራል፤ በድርቅ ዓመት የሚሠራው እንደ ክር የቀጠነ ነው። ድርቅ ደግሞ አንዱን ዛፍ መርጦ አይመታም። ስለዚህ በአንድ አገር የሚገኙ አንድ ዓይነት ዛፎች በአንድ ዓመት ይጠብባሉ፤ በአንድ ዓመትም ይሰፋሉ። ሁለት ጠባብ፣ አንድ ሰፊ፣ አራት መካከለኛ፣ እንደገና አንድ ጠባብ እያለ የሚሄደው ተራ መቶ ዓመት ያህል ሲረዝም፣ ያው ተራ በሌላ መቶ ዓመት በአጋጣሚ ይደገማል ተብሎ አይታሰብም።

የብራና መጻሕፍትን የሚመረምር ሊቅ ምን እንደሚያደርግ እናስብ። መጀመሪያው የጠፋበት አንድ ቅጂና መጨረሻው የጠፋበት ሌላ ቅጂ ቢያገኝ፣ ሁለቱም የያዙትን የጋራ ምዕራፍ ፈልጎ ያናብባቸዋል፤ ሲገጣጠሙለት ሙሉው መጽሐፍ በእጁ ይሆናል። የዛፍ ቀለበት ሊቅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ቆሞ ካለ ጥድ በልዩ መሰርሰሪያ እርሳስ የሚያህል ቀጭን ናሙና ያወጣል፤ ዛፉን መቁረጥ አያስፈልገውም። ናሙናውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ በማይክሮስኮፕ ይመለከታል። የመጨረሻው ቀለበት የዘንድሮ ስለሆነ፣ ወደ ውስጥ እየቆጠረ ለእያንዳንዱ ቀለበት ዓመቱን ይሰጠዋል። ከዚያ የአሮጌ ቤት ወራጅ ያመጣል። የወራጁ የውጭ ቀለበቶች ከሕያው ዛፍ የውስጥ ቀለበቶች ጋር ጠባቡ ከጠባቡ፣ ሰፊው ከሰፊው ከገጠሙ የወራጁ ዘመን ታወቀ ማለት ነው። በዚያ ወራጅ ላይ ደግሞ ከእርሱ የሚቀድም ሌላ እንጨት ይቀጠላል፤ እንዲህ እየተባለ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ይረዝማል። በአውሮፓ የኦክና የፓይን እንጨት በዚህ ዓይነት ተቀጣጥሎ ከ12 ሺህ ዓመት በላይ የሚወስድ ያልተቋረጠ ቁጥር ተገኝቷል።

የከዋክብቱ ሊቅና የተቃጠለው ግንድ

የዚህ ትምህርት አባት የሚባለው አንድሩ ዳግላስ የደን ሊቅም የታሪክ ሊቅም አልነበረም። በአሜሪካ በአሪዞና የሚኖር የከዋክብት ተመራማሪ ነበር። በፀሐይ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች በ11 ዓመት ያህል እየበዙ እየቀነሱ የሚሄዱ በመሆናቸው፣ ይህ ለውጥ የምድርን ዝናም ይነካ እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ። የብዙ መቶ ዓመት የዝናም መዝገብ የሚያገኝበት መሥሪያ ቤት ስላልነበረ እ.ኤ.አ. በ1904 ፊቱን ወደ ዛፎች መለሰ።

በዚያው አገር ቀደምት ነዋሪዎች የሠሯቸውና ትተዋቸው የሄዱ ትልልቅ የድንጋይ መንደሮች አሉ። ዘመናቸውን በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዳግላስ ከፍርስራሾቹ የጣሪያ ግንዶች እየሰበሰበ ቀለበታቸውን ሲያናብብ የ585 ዓመት ተከታታይ ቁጥር አገኘ። ነገር ግን ይህ ቁጥር ከሕያው ዛፎች ቁጥር ጋር የሚያገናኘው ድልድይ አጥቶ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ሆነ። አንዱ ቤት ከሌላው ስንት ዓመት እንደሚቀድም ያውቃል፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን አያውቅም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 22 ቀን 1929 ሾው ሎ በምትባል ትንሽ ከተማ በተደረገ ቁፋሮ አንድ ከፊሉ የተቃጠለ ግንድ ወጣ። ዳግላስ ሌሊቱን ቀለበቶቹን ሲመረምር ከ1237 እስከ 1380 ያለውን ዘመን እንደሚይዝ ተረዳ፤ ሁለቱ የተለያዩ ቁጥሮችም በዚያ ግንድ ተገናኙ። በአንድ የከሰለ እንጨት ምክንያት የ40 ያህል ፍርስራሾች ዘመን በአንድ ጊዜ ታወቀ።

ከዚህ ታሪክ ልናስተውለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ያ ግንድ ከመገኘቱ በፊት አንድ ሰው ለማገዶ ወስዶት ቢሆን ኖሮ ድልድዩ አብሮ ይጠፋ ነበር።

እንጦጦ ጥድ ከነበረበት ዘመን

ዛሬ በእንጦጦ ተራራ ላይም ከዋክብትን የሚመለከቱ ሁለት ትልልቅ ቴሌስኮፖች ቆመዋል። በዙሪያቸው ያለው ደን ግን በአመዛኙ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከ150 ዓመት በፊት በዚያ ቦታ አልነበረም። የእነዚህ ተራሮች የጥንት ልብስ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ነበር። ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓመታት ከተማቸውን በእንጦጦ ላይ ሲያደርጉ ሠራዊቱ፣ መኳንንቱና አገልጋዩ ሁሉ ቤት የሚሠራውም ምግብ የሚያበስለውም በዚሁ እንጨት ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባን ከቈረቈሩ በኋላ የእንጨቱ ፍላጎት ይበልጥ ጨመረ፤ ተራራው ተራቈተ። የማገዶ እጥረቱ እጅግ ስለበረታ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደነበር ይታወቃል። ከተማዋን በቦታዋ ያስቀረው ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ፈጥኖ ስለሚያድግም ብዙ ሳይቈይ የአዲስ አበባ ማገዶና የቤት መሥሪያ ሆነ።

ይህ ታሪክ ለአሮጌ ቤት መርማሪ አንድ ቀላል መሣሪያ ይሰጠዋል። ቀለበት መቁጠር ከመጀመሩ በፊት የእንጨቱን ዓይነት ይጠይቃል። በ1875 ዓ.ም. ተሠራ በሚባል ቤት ውስጥ የባሕር ዛፍ ወራጅ ቢገኝ ያ ወራጅ የቤቱ እኩያ ሊሆን አይችልም። ወይ ቤቱ ከተባለው ዘመን በኋላ የተሠራ ነው፤ ወይ ጣሪያው ታድሷል። የጥድ ወራጅ መገኘት ግን ብቻውን የቤቱን ጥንታዊነት አያረጋግጥም፤ ባሕር ዛፍ ከበዛም በኋላ ጥድ ከሩቅ ደን እየተቈረጠ ይመጣ ነበርና። ሁለቱን ለመለየት አሮጌ አናጺ ዘንድ ሄዶ ማሳየት ይበቃል። የጥድ ልቡ ቀላ ያለ ነው፤ ሲላግ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፤ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። ፈረንጆች እርሳስ ስለሚሠሩበት «የአፍሪካ የእርሳስ ጥድ» ይሉታል።

ከዓይነቱ ቀጥሎ ቀለበቱ ይመጣል። እንጦጦ ለዚህ ምርመራ የተመቸ ቦታ የሚያደርገው የአንዳንድ ሕንፃዎቹ ዘመን በጽሑፍ ጭምር የሚታወቅ መሆኑ ነው። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በእንጦጦ ማርያም ነው፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ ቀን በፊት ቆሞ ነበር። ከመጀመሪያው ሥራ የቀረ የጥድ እንጨት ቢገኝና ቀለበቱ ከ1882 ዓ.ም. በፊት እንደተቈረጠ ቢመሰክር፣ መንገዱ ትክክል መሆኑን እናውቃለን። በዘመኑ የታወቀ ሕንፃ የተፈተነ ሚዛን ደግሞ ዘመኑ ላልታወቀው ሕንፃ ይሠራል።

በዚያው ዘመን መካከል ክፉ ቀን አለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድርቁ፣ የከብቱ እልቂትና አንበጣው ተባብረው አገሩን ያስራቡበት ጊዜ ነው። ዛፍ ስለ ከብት እልቂት አይመዘግብም፤ የዝናሙን መቅረት ግን ይመዘግባል። የሸዋ ጥዶች በእነዚያ ዓመታት የቀጠነ ቀለበት ሠርተው ከተገኙ ለመርማሪው እንደ ማኅተም ያገለግሉታል። ማኅተሙ በወራጁ ውስጥ ካለ ዛፉ የተቈረጠው ከክፉ ቀን በኋላ ነው፤ ወራጁ እስከ ቅርፊቱ ድረስ ሙሉ ሆኖ ማኅተሙ ከሌለው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው።

የዚህ ጥበብ ወሰን እስከ እንጨት ድረስ ነው። በየካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን እንመልከት። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በአፈ ታሪክ ለአብርሃና አጽብሐ ዘመን ይሰጣል፤ በመጻሕፍት ግን ብዙ ጊዜ የ12ኛው መቶ ዓመት ሥራ ተብሎ ይጠቀሳል። የድንጋይ ግድግዳ ቀለበት የለውምና ይህን ክርክር የዛፍ ሊቅ ሊፈርደው አይችልም። እንደ ደብረ ዳሞና እንደ ይምርሐነ ክርስቶስ ያሉት፣ ድንጋይና እንጨት እየተነባበረ የተሠሩት ሕንፃዎች ግን በግድግዳቸው ውስጥ ምስክራቸውን ይዘው ቆመዋል።

ሁለት ዝናም ያለው አገር

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ የአገራችን አሮጌ ቤቶች ዘመን እስካሁን ለምን አልተቈጠረም? ዋናው እንቅፋት ሰማያችን ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ቅዝቃዜው በየዓመቱ ዛፉን አንድ ጊዜ ያስተኛዋል፤ ስለዚህ አንድ ቀለበት አንድ ዓመት ነው። በእኛ አገር ዛፉን የሚያስተኛው ድርቀት ነው። ክረምት ብቻ በሚዘንብበት አገር ጥድ አንድ ቀለበት ይሠራል። በልግና ክረምት ሁለቱም በሚዘንቡበት እንደ ሸዋ ባለ አገር ግን ዛፉ በበልግ ነቅቶ፣ በመካከሉ ባለው ደረቅ ወር አሸልቦ፣ በክረምት እንደገና ሊነቃ ይችላል፤ ያን ጊዜ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ይሆናል። በጣም በከፋ ዓመት ደግሞ በአንዱ ጎኑ ምንም ሳይሠራ ያልፋል። ይህን ሳያውቅ የሚቈጥር ሰው የ80 ዓመት ዛፍ 130 ዓመቱ ነው ሊል ይችላል።

ለዚህ ችግር ማጣሪያ የተገኘው ከማይጠበቅ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኀያላን መንግሥታት በአየር ላይ ባፈነዷቸው የኑክሌር ቦምቦች ምክንያት በዓለም አየር ውስጥ ያለው ራዲዮካርቦን እጥፍ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። በ1963 አብዛኛው የአየር ላይ ፍንዳታ በውል ከቆመ በኋላ መጠኑ እየቀነሰ መጣ። በእነዚያ ዓመታት ያደገ ዛፍ ሁሉ፣ በሸዋ ያለውም ጭምር፣ ይህን ምልክት በእንጨቱ ውስጥ ይዟል። እንግዲህ ከሕያው ጥድ ውስጥ ምልክቱ ያለበት ቀለበት ይፈለጋል፤ ከዚያ እስከ ቅርፊቱ ያሉት ቀለበቶች ይቈጠራሉ። ቁጥሩ ካለፉት ዓመታት ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ ቀለበቱ የዓመት ነው፤ ከበለጠ ዛፉ በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት የኢትዮጵያን ጥድ በዚህ መንገድ መርምሮ፣ ቀለበቱ በየስፍራው ሁሉ የዓመት ምልክት ሆኖ እንደማይገኝ አስረድቷል።

ይህ ማለት ግን ሥራው ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ብዙ መንገድ ሄደዋል። ከእነርሱ መካከል ዶክተር አስቴር ገብረክርስቶስና ዶክተር ሙሉጌታ ሞክሪያ ይገኙበታል። እነርሱና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ከሰሜን ኢትዮጵያ ጥዶች ቀለበት ተነሥተው ከ1811 ወዲህ ያለውን የዝናም ሁኔታ ዓመት በዓመት ለማወቅ ችለዋል። በቀለበቱ የታዩት የድርቅና የጎርፍ ዓመታት በታሪክ ከተመዘገቡት የረኃብና የጎርፍ ዘመናት ጋር ተስማምተዋል። የእነርሱ ዓላማ የዓባይን ተፋሰስ ዝናም ማወቅ ነበር እንጂ የቤት ዕድሜ መቁጠር አልነበረም። ሆኖም እንዲህ ያለው ቁጥር ለአሮጌ ወራጅ ማናበቢያ የሚሆን የመጀመሪያው ገጽ ነው። ለሸዋ ደግሞ ከሸዋ ጥዶች የተሠራ የራሱ ገጽ ያስፈልገዋል፤ የሰሜኑ ዝናምና የእንጦጦ ዝናም አንድ አይደሉምና።

ለጥንታዊዎቹ ሕንፃዎች ሌላም ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፉሳ ሚያኬ የምትባል ጃፓናዊት ሊቅና ባልደረቦቿ በ774 እና በ775 መካከል የራዲዮካርቦን መጠን በድንገት ከፍ ማለቱን ከዛፍ ቀለበት አገኙ፤ ቀጥሎም የ993 ተመሳሳይ ምልክት ተገኘ። ምክንያቱ ከፀሐይ የመጣ ኀይለኛ ማዕበል ሳይሆን አይቀርም ይባላል። በ2021 ሌሎች ሊቃውንት በካናዳ ላንስ ኦ ሜዶስ በሚባል ቦታ የሰሜን አውሮፓ መርከበኞች በብረት መሣሪያ የቈረጡትን እንጨት መረመሩ። የ993ን ምልክት በውስጡ አግኝተው ከዚያ እስከ ቅርፊቱ ቢቈጥሩ እንጨቱ የተቈረጠው በ1021 መሆኑ ታወቀ። ምልክቱ በዓለም ሁሉ ስላለ በዚያ ዘመን በቆመ የኢትዮጵያ ጥድ ውስጥም ይገኛል። በአንድ ጥንታዊ ገዳም የቆየ እንጨት እስከዚያ ዘመን ድረስ የሚያደርስ ቀለበት ቢኖረው፣ ረጅሙ ሰንሰለት እስኪሠራ ሳይጠበቅ ዘመኑን ሊናገር ይችላል።

ወራጁ ማገዶ ከመሆኑ በፊት

እንግዲህ ሊቃውንቱም መሣሪያውም አሉ። እየጠፋ ያለው እንጨቱ ነው። አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ የድሮው ወራጅ ይወርዳል፤ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ምሰሶውና ማገሩ በአንድ ቀን ተጭኖ ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የመንገድ ዳር ልማት በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች መፍረሳቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። መንገድ መሠራቱንና ቤተ ክርስቲያን መታደሱን የሚጠላ የለም። ነገር ግን የአንድን ቤት ዘመን ለማወቅ ቤቱን በሙሉ ማቆየት የግድ አይደለም፤ ከወራጁ የተቈረጠ አራት ጣት ያህል ውፍረት ያለው ቁራጭ ሊበቃ ይችላል።

ቁራጩ ጥቅም እንዲሰጥ ግን ጥቂት ነገሮች መጠበቅ አለባቸው። መጀመሪያ ቅርፊቱ ወይም ከቅርፊቱ ሥር ያለው ክብ ገጽ ያልተላገበት ቦታ ይመረጣል፤ የተቈረጠበትን ዓመት የሚናገረው የመጨረሻው ቀለበት ነውና። አናጺ አራት ማዕዘን አድርጎ የጠረበው እንጨት «ከዚህ ዓመት በኋላ ተቈረጠ» ከማለት አያልፍም። ሁለተኛ ከአንድ ቤት ከአንድ በላይ እንጨት መወሰድ አለበት፤ አንዱ ወራጅ ከሌላ ቤት ፈርሶ የመጣ፣ ሌላው በኋላ የተተካ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ በቁራጩ ላይ የቤቱ ስም፣ የወጣበት ቦታ፣ ምሰሶ ወይም ወራጅ መሆኑና የወረደበት ቀን መጻፍ አለበት። ስሙ የጠፋ እንጨት ማንነቱ እንደማይታወቅ ምስክር ነው።

በቆመ ሕንፃ ላይ መሰርሰሪያ ማንሣት ግን የማንም ሰው ሥራ አይደለም። እርሱ የባለሙያና የባለሥልጣን ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤው፣ ለቅርስም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሊፈቅዱ ይገባል። ለእኛ የቀረልን ከወረደው እንጨት ላይ ቁራጩን ማትረፍ ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሚፈርስ ቤት መዝገብ የሚሞላ ወጣት ጸሐፊ የክፍሉን ብዛትና የቆርቆሮውን ልክ ሲጽፍ «ወራጁ ጥድ ነው፤ ቁራጭ ተቀምጧል» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር ከሥራው የሚወስድበት ጊዜ የለም። ተማሪዎችም በየትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ክበብ አንድ ደረቅ ቁም ሣጥን ለዚህ ቢሰጡ፣ የሸዋን ጥድ ሊያናብብ የሚመጣው ሊቅ ባዶ እጁን አይመለስም። ምናልባትም ያ ሊቅ ዛሬ በክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ተማሪዎች አንዱ ይሆናል።

መጋዝ አንዱን ወራጅ ለመቁረጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ጥዱ ግን እንጦጦ ላይ ቆሞ ያንን መዝገብ ለመጻፍ መቶና መቶ ሃምሳ ክረምት ፈጅቶበታል። ቁራጩን ሳናስቀር መዝገቡን ከነጣሪያው አውርደን ብናቃጥለው፣ ሁለቱ ጎረቤታሞች በቤቱ ዕድሜ መከራከራቸውን ይቀጥላሉ፤ የሚፈርድላቸው ምስክር ግን አያገኙም።